የጥንት ሰው ስጋ ብቻ ነበር እንዴ የሚበላው? ድንጋዮቹ ሌላ ነገር ነው የሚሉት

ሰሞኑን ቲክቶክም ዩቲዩብም ላይ ካርኒቮር ዳይት፣ ፓሊዮ ዳይት ምናምን የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ክርክራቸው ባጭሩ የጥንት ሰው አዳኝ ነበር፣ ስጋ ነበር የሚበላው፣ እህልና ጥራጥሬ የመጣው እርሻ ከተጀመረ ወዲህ ስለሆነ ሰውነታችን ገና አልለመደውም የሚል ነው። ቁርጥ ለሚወድ ሰው ጥሩ ሰበብ ነው መቼስ። ችግሩ ግን የድንጋይ መሣሪያዎችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ የከረሙት ሳይንቲስቶች ያገኙት ነገር ከዚህ ጋር አይሄድም። ድንጋዮቹ ላይ የስጋ ምልክት አለ፣ ግን ስራስርም፣ የሳር ፍሬም፣ ጥራጥሬም አለ፣ ያውም እርሻ የሚባል ነገር ከመታሰቡ በመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት።

ስጋ የሚለው ታሪክ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ዋና ዋናው ማስረጃ የተገኘው እዚሁ እኛ ጋ አፋር ውስጥ ነው። ጎና ላይ ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸውን መሣሪያዎች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1997 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አሳተሙ፣ ቡሪ ላይ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው በድንጋይ የተቆረጡ የእንስሳት አጥንቶች ተገኙ፣ ከዛ በ2010 የፕሮፌሰር ዘረሰናይ አለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ጭረት ያለባቸው አጥንቶች አገኘሁ ብሎ እስካሁን ያልበረደ ክርክር ተነሳ፣ አንዳንዱ ጭረቱ የድንጋይ ስለት ነው ሲል ሌላው የለም እንስሳ ረግጦት ወይ አዞ ነክሶት ነው ይላል። ልብ በሉ ግን፣ ይሄ ሁሉ አጥንት ነው። አጥንት ወደ ድንጋይነት ተቀይሮ ይቆያል፣ ቅጠልና ስር ግን ይበሰብሳል። አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ስር እየቆፈረ በልቶ አንድ ቀን ብቻ ሚዳቋ ቢያርድ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በኋላ የምናገኘው ሚዳቋዋን ብቻ ነው። ስለዚ «የጥንት ሰው ስጋ በል ነበር» የሚለው ስዕል የጥንት ሰው የበላውን ብቻ ሳይሆን አፈር ያቆየልንን ጭምር ነው የሚያሳየው፣ ሁለቱን መለየት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ድንጋዩ ራሱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሰው በድንጋይ ሲፈጭ፣ ሲወቅጥ፣ ሲቆርጥ የሚሠራው ነገር ትንሽ ትንሹ ድንጋዩ ላይ ባሉት ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ውስጥ ይሸጎጣል። የቡና ሙቀጫ ስንቴ ቢያጥቡት ሽታው አይለቅም አይደል፣ እንደዛ ነው። የሚሸጎጠው ነገር ብዙ ዓይነት ነው ግን ለምግብ ጥያቄ ዋናው ስታርች ነው። ተክል ጉልበቱን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው በስታርች መልክ ነው፣ በዘር ውስጥ፣ በስር ውስጥ፣ በግንዱ ውስጥ። ስታርቹ ደግሞ ዝም ብሎ ዱቄት ሳይሆን በጣም ጥቃቅን እንክብሎች ነው፣ እንክብሉም እንደየተክሉ ቅርፁና መጠኑ ይለያያል። የጤፍ ስታርች ከ2 እስከ 6 ማይክሮን ነው (1 ማይክሮን የ1 ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ የድንች ግን እስከ 100 ማይክሮን ሊደርስ ይችላል። በፖላራይዝድ ብርሃን (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን) ሲታይ ደግሞ እያንዳንዱ እንክብል ላይ ጥቁር መስቀል ይወጣል፣ ተመራማሪዎቹ ስታርች መሆኑን መጀመሪያ የሚያውቁት በዛ ነው። የተፈጨ እንክብል ይሰነጠቃል፣ በእርጥብ የበሰለ ደግሞ ያብጥና መስቀሉ ይጠፋል፣ ስለዚ አንዳንዴ ተክሉን ብቻ ሳይሆን ምን እንደተደረገም ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ፋይቶሊት የሚባለው ነው። ተክል ከአፈር ውሃ ሲመጥ ሲሊካ የሚባለው መስታወት የሚሠራበት ማዕድንም አብሮ ይመጣል፣ ያ ሲሊካ ቅጠሉና ገለባው ሴሎች ውስጥ ይጠጥርና የሴሉን ቅርፅ ይዞ ይቀራል፣ ተክሉ ቢበሰብስም ቢቃጠልም እሱ አይጠፋም። የሳር ዘመዶች፣ ማለትም ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ በዚህ በጣም ሀብታም ናቸው። ከነዚህ ሌላ ስብ፣ ፕሮቲን፣ የላባና የፀጉር ቁራጭ፣ ደም ምናምን ይፈለጋል፣ ጎን ለጎንም የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ያለው ማለስለስና ጭረት ይታያል፣ እንጨት የላገና ስጋ የቆረጠ ስለት የሚያልቅበት መንገድ አንድ አይደለምና። ቅሪቱን የማውጣቱ ሥራ ራሱ ትዕግስት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ በደረቁ ይቦረሻል፣ ከዛ በውሃ፣ መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በድምፅ ሞገድ ይንቀጠቀጣል፣ ከጥልቁ ስንጥቅ የሚወጣው ያኔ ነው። በኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ የሚሠሩም አሉ።

አሁን ወደ ውጤቱ። በጥር 2025 የወጣ አንድ ጥናት ብዙ ሰው አነጋግሯል፣ ቦታው ሰሜን እስራኤል ሁላ ሸለቆ ውስጥ ከዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ያለው ጌሸር ብኖት ያዕቆብ ነው። የዛሬ 780 ሺህ ዓመት እዛ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች (የኛ ዝርያ ሆሞ ሳፒየንስ ገና ሳይፈጠር ማለት ነው) ይጠቀሙባቸው የነበሩ የባዛልት መዶሻዎችና ማስደገፊያ ድንጋዮች ላይ ከ650 በላይ የስታርች እንክብል ተገኘ። ከኦክ ዛፍ ፍሬ፣ ከሳር ዘመድ እህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከውሃ ውስጥ ተክሎች። እንግዲህ ፓሊዮ ዳይት ላይ ክልክል የሆኑት እህልና ጥራጥሬ ከነወቀጣቸው የዛሬ 780 ሺህ ዓመት ነበሩ ማለት ነው።

ብቻውን ደግሞ አይደለም። የገሊላ ባሕር በ1989 ውሃው ሲሸሽ ብቅ ያለው ኦሃሎ 2 የሚባለው መንደር 23 ሺህ ዓመቱ ነው፣ እዛ አንድ ጎጆ ውስጥ የነበረ ወፍጮ ላይ የዱር ገብስ ስታርች ተገኝቷል፣ በአካባቢው ገብስ መዘራት ከመጀመሩ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ። ጣሊያን፣ ቼክና ሩሲያ ውስጥም 30 ሺህ ዓመት ገደማ ባላቸው መፍጫ ድንጋዮች ላይ የፊላ ዓይነት ረግረግ ላይ የሚበቅሉ ተክሎች ስር ዱቄት ተገኝቷል፣ ያውም አውሮፓ በብርድ በተጠፈረችበት ዘመን፣ ሁሉም ሰው ማሞዝ እያደነ ይኖር ነበር በሚባልበት። ስጋውም አልቀረም፣ ዮርዳኖስ አገር አዝራቅ ላይ 250 ሺህ ዓመት የሆናቸው 44 መሣሪያዎች ተመርምረው 17ቱ ላይ የእንስሳ ፕሮቲን ምልክት ተገኘ ተብሎ በ2016 ታትሟል፣ ፈረስ፣ አውራሪስ፣ የዱር ከብት፣ ግመል፣ ዳክዬ ሁሉ አለበት። ያገኘውን የሚበላ ሰው ነው የሚታየኝ እንጂ የዳይት ፕሮግራም ያለው ሰው አይደለም።

ለኛ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ሊያጓጓን የሚገባው በ2023 የወጣው የትግራይ ጥናት ነው፣ ገርሞኝ የማያልቀው ደግሞ አማርኛ ላይ ብዙም አለመወራቱ ነው። ምሥራቅ ትግራይ ጉሎ መከዳ ውስጥ መዝበርና ኦና ዓዲ የሚባሉ ሁለት ቦታዎች አሉ፣ በካናዳው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ዳንድሪያ የሚመሩት ፕሮጀክት ነው የቆፈራቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ገደማ ጀምሮ የአክሱም መንግሥት እስከወደቀበት እስከ 700 ዓ.ም. ገደማ ያለውን ዘመን ይሸፍናሉ። ከቁፋሮው የወጡት ወፍጮዎች ላይ ያለው ስታርችና ፋይቶሊት ተመረመረ።

ከዚህ በፊት የሚታወቀው ታሪክ ምን ነበር፣ ስንዴና ገብስ ከመካከለኛው ምሥራቅ መጣ፣ ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ እርሻ በሱ ተመሠረተ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና ማሽላ ግን በየት በኩልና መቼ ገበታ ላይ እንደቀረቡ በደንብ አይታወቅም። እነዚ ሦስቱ አፍሪካዊ እህሎች ሲ 4 የሚባለው የሞቃት አገር ተክል ቡድን ውስጥ ናቸው፣ ስንዴና ገብስ ደግሞ በሌላው፣ ሲ 3 በሚባለው ቡድን ውስጥ። ወፍጮዎቹ ሲመረመሩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ፣ ማለትም የዛሬ 3,600 ዓመት አካባቢ ካለው ንብርብር ጀምሮ፣ ሲ 3 እህልም ጥራጥሬም ሲ 4 እህልም ከመሬት የሚቆፈር ስራስርም አብረው ተገኙ። የሲ 4 እህል ታሪክ በአንድ ጊዜ ከ1,000 ዓመት በላይ ወደኋላ ተጎተተ ማለት ነው። ከውጭ የመጣ እርሻ ባዶ ማዕድ ላይ አልተቀመጠም፣ እዛው የሚታወቅ፣ የሚለቀም፣ የሚፈጭ ነገር ነበር፣ የለማና የዱር ተክል ጎን ለጎን ይበላ ነበር። የአክሱምን ሥልጣኔ ሁሌ ከባሕር ማዶ በመጣ ነገር ለሚያስረዱ ሰዎች ይሄ ትንሽ የሚጎረብጥ ውጤት ነው፣ እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

ግን እዚህ ጋ መጠንቀቅ አለብን፣ ምክንያቱም የኛ ሰው ይሄን ሲሰማ ወዲያው «ጤፍ 3,600 ዓመት ሆነው፣ ተረጋገጠ» ብሎ ፖስት ያደርጋል። አልተረጋገጠም። ፋይቶሊት ብዙ ጊዜ የሚነግረን ቤተሰቡን ነው እንጂ ልጁን አይደለም። ጤፍና ዳጉሳ የአንድ የሳር ቡድን አባላት ናቸው፣ በዛው ቡድን ውስጥ ደግሞ ከብት የሚግጣቸው ስንትና ስንት የዱር ሳሮች አሉ። የጤፍ ስታርችም በጣም ትንሽ ስለሆነ ከሌሎች ትናንሽ የሳር ዘሮች ስታርች ለመለየት ያስቸግራል። የጥናቱ ርዕስ ራሱ ለማዳ ለመሆን ጫፍ ላይ ስለደረሱ ተክሎች ነው የሚያወራው፣ ሙሉ በሙሉ ስለለማ እህል አይደለም። ጤፍ ነው ለማለት የከሰለ የጤፍ ፍሬ ራሱ፣ በካርቦን ዕድሜው የተለካ፣ ከዛው ንብርብር መምጣት አለበት።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን እናቶቻችን ከፕሮፌሰሮቹ ይበልጥ ያውቁታል። የእጅ ወፍጮ ሲያልስ ይወቀራል፣ በሹል ድንጋይ ፊቱ እየተመታ እንደገና ይሻክራል፣ ካልሆነ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይፈጭም። በተወቀረ ቁጥር ደግሞ የላይኛው ፊት ከነቅሪቱ ይነሳል። ስለዚ አንድ ወፍጮ አርባ ዓመት ቢሠራ እንኳን የሚነግረን የመጨረሻውን ውቀራ ተከትሎ የተፈጨውን ሊሆን ይችላል። በጉድጓዶቹ ውስጥ ደግሞ ስታርች በደንብ ይሸጎጣል፣ እና ውቀራ ያጠፋልም ያቆያልም። ከጥናቱ ተሳታፊዎች አንዷ ሎሪ ኒክሰን ዳርከስ ትግራይ ውስጥ በእጅ ወፍጮ የፈጩ ሴቶችን እየጠየቁ፣ ድንጋዩ እንዴት እንደሚመረጥ እንዴት እንደሚወቀር እየተማሩ ነው ዋናውን የምርምር ሥራቸውን የሠሩት፣ ይሄ ዓይነቱ እውቀት ከሌለ ማይክሮስኮፑ ብቻውን የትም አያደርስም።

እሺ፣ ይሄ ዘርፍ ግን የራሱ ቅሌቶችም አሉት፣ ካልነገርኳችሁ ጎዶሎ ይሆናል። በ1983 ቶማስ ሎይ የሚባል ተመራማሪ ከካናዳ በተገኙ የድንጋይ መሣሪያዎች ላይ ደም አገኘሁ፣ የየትኛው እንስሳ እንደሆነም ለየሁ ብሎ ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ፣ ዓለም ጉድ አለ። በኋላ ሌሎች ሲፈትሹት ዘዴው እንደተባለው አልሆነም፣ ደም የተቀባ ድንጋይ ቀብረው ሲያዩ እርጥብ አፈር ውስጥ ደሙ ቶሎ ይጠፋል፣ ለደም ፍለጋ ሲጠቀሙበት የነበረው የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ደግሞ ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድንም የቅጠል አረንጓዴም ሲነካው ደም ነው ይላል። የአዝራቁን ውጤት በጥርጣሬ የሚያዩ ሰዎች ያሉትም ለዚህ ነው፣ ፕሮቲን 250 ሺህ ዓመት ሳይበላሽ ቆይቶ ምርመራው የተጠቀመበት ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ይለየዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

ስታርችም የራሱ ችግር አለው፣ በየቦታው አለ። አየር ላይ አለ፣ ሳንድዊች የበላ ሰው እጅ ላይ አለ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በሚደረግ ጓንት ላይ አለ (ጓንት እንዲንሸራተት ድሮ የሚነሰነሰው የበቆሎ ስታርች ነበር)። በ2009 ሁሊዮ መርካደር ሞዛምቢክ ውስጥ ንጋሉዌ ዋሻ ከተገኙ የዛሬ 105 ሺህ ዓመት መሣሪያዎች ላይ የማሽላ ዘመድ ስታርች አገኘሁ ሲል ትልቅ ዜና ሆነ፣ ተቺዎች ግን ወዲያው ተነሱ፣ ሳሩ ለመኝታ ወይ ለእሳት ማቀጣጠያ የገባ ቢሆንስ፣ ከላይ የወረደ ቢሆንስ አሉ። የሚገርመው በ2014 የስታርች ላቦራቶሪዎች ራሳቸው ምን ያህል በዘመናዊ ስታርች እንደተበከሉ የሚያሳይ ጥናት ሲወጣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ መርካደር ራሱ ነበር፣ ላቦራቶሪውን ፈትሾ ጉድለቱን አደባባይ ያወጣ ሰው ነው፣ ለኔ ይሄ ሰውዬው ላይ ያለኝን እምነት ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ስለዚ አንድ ጥናት «ድንጋይ ላይ እንትን ተገኘ» ሲል ምን እንደተገኘ ከማየቴ በፊት የማየው ሌላ ነገር ነው። ከድንጋዩ ዙሪያ ያለው አፈር ለብቻው ተመርምሯል ወይ? የሚፈጨው ፊት ላይ ያለው ስታርች ከማይነካው ጀርባ ላይ ካለው ይበልጣል ወይ? ቁፋሮው ላይ ድንጋዩን ማን በምን እጅ ነካው? አፈሩም ጀርባውም ያው ከሆነ ጥንት የተበላ ሳይሆን አየር ወይ አፈር ያመጣው ሊሆን ይችላል። ቅሪቱ ትክክለኛ ቢሆን እንኳን ሁሉ ነገር ምግብ አይደለም፣ ታንዛኒያ ፔኒንጅ ላይ 1.5 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የእጅ መጥረቢያዎች ላይ የግራር ፋይቶሊት ተገኝቷል፣ ግራር ግን ማንም አልበላም፣ እንጨት ሲጠርቡ ነው። ኮንሶ ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ነበሩ፣ መፋቂያውን ራሳቸው ነበሩ የሚጠርቡት። ከነሱ አንዷ የጣለችው ድንጋይ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ቢገኝ ላዩ ላይ የእንስሳ ስብ አለ፣ ስጋ ይቆረጥበት ነበር ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ደቡብ ላይ ደግሞ ጥያቄው የባሰ ነው። እንሰት መቼ ነው መበላት የጀመረው? ቡላ ማለት ስታርች ነው በአጭሩ፣ ታዲያ ድንጋይ ላይ ፈልጉ ቢባል እንሰት የሚፋቀው በቀርከሃ ነው፣ ቀርከሃ ደግሞ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ አለመገኘቱ አልተበላም ማለት አይደለም። ወላይታ ዳሞታ ተራራ ላይ ያለው ሞቼና ቦራጎ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ወደኋላ የሚሄድ የሰው ኑሮ ያለበት መጠለያ ነው፣ ባሌ ተራሮች ላይ ፊንጫ ሀበራ ደግሞ ከ47 እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እዛ ብርድ ውስጥ ሆነው ትልልቅ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር አጥንቱ ነግሮናል። ከፍልፈሉ ጎን ምን ነበር የሚለውን አጥንት አይመልስም፣ የባሌው ኦብሲዲያን (መስታወት የሚመስል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ግን ሊመልስ ይችላል፣ ኦብሲዲያን ለስላሳ ስለሆነ ቅሪት የመያዝ አቅሙ እንደ ባዛልት ባይሆንም።

እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት ገንዘብም መሣሪያም ሳይሆን አንድ የቆየ ልማድ ነው፣ ቁፋሮ ላይ የተገኘ ድንጋይ ማታ በባልዲ ውሃ በብሩሽ ይታጠባል፣ ከዛ በቀለም ቁጥር ይጻፍበትና ከረጢት ይገባል። በዓለም ዙሪያ ለአሥርት ዓመታት የተሠራው እንደዛ ነው። ስለ ቅርፁ ለሚያጠና ሰው ምንም ችግር የለውም፣ ለስታርች ግን አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሃያ ድንጋይ መንከር ማለት የሃያውን ቅሪት መቀላቀል ነው። አሁን አሁን አንዳንድ ቁፋሮዎች ላይ የተወሰኑ ድንጋዮች ሳይታጠቡ ከነአፈራቸው ለብቻ ይታሸጋሉ፣ ከያንዳንዱ ጎን አንድ ማንኪያ አፈር አብሮ ይወሰዳል፣ ዋጋው ከረጢት ብቻ ነው። ማንነታቸው የሚታወቁ የዛሬ ተክሎች ስታርችና ፋይቶሊት ስብስብም ያስፈልጋል፣ የጤፍ ዓይነቱ ሁሉ፣ የዱር ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ አንጮቴው፣ እንሰቱ፣ ምክንያቱም ማይክሮስኮፕ ስር የሚታየው ነገር ማንነቱ የሚለየው አጠገቡ ከሚቀመጠው ናሙና ጋር ተነፃፅሮ ነው፣ የኛ ተክል ናሙናው ውስጥ ከሌለ በሌላ ስም ይጠራል።

ድሮ ታጥበው ሙዚየም መደርደሪያ ላይ ያሉትም ሙሉ በሙሉ የከሰሩ አይደሉም፣ በሌላ አገር ከታጠቡ በኋላ ዓመታት የቆዩ ወፍጮዎች ከጥልቅ ቀዳዳቸው ስታርች ሰጥተዋል። የነሱ ችግር ማወዳደሪያ አፈር አብሯቸው አለመኖሩ ነው፣ ስለዚ አንድ እንክብል ሲገኝ ከ3,000 ዓመት በፊት ይሁን መደርደሪያው አጠገብ ምሳ ከበላ ሰው ይሁን ለመለየት የቀረው መንገድ የተፈጨበትን ፊት ከጀርባው ጋር ማነፃፀር ብቻ ነው።